አብሽና አብሽሪ

ልጄ አራት ወር ከአስር ቀኑ ነው። ቀን ላይ ያየው ሰው «ይሄ ልጅ ድምፅ አለው?» ይላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ግን ደሴን በአንድ እግሯ ያቆማታል። ጦሳ ተራራ እስካሁን ስሞታ አለማቅረቡ ይገርመኛል።

እናቴ ያለችው ኮምቦልቻ ነው። በዚያ ሰዓት ብደውልላት ሰው የሞተ ይመስላታል። ባለቤቴ ያንኮራፋል። (የልጁ ለቅሶ የማይሰማው ሰውዬ፣ ሦስተኛ ቤት ጎል ሲገባ እንዴት እንደሚሰማው አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ።) እና ስልኬን አንስቼ የእናቶች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። «እህቶች፣ ልጄ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምን ላርግ?»

ወዲያው ዘነበብኝ።

«ሆዱን ነፍቶት ነው፣ አስገሺው።» «ጥርስ ሊያወጣ ነው።» «ወተትሽ አንሶት ነው፣ አብሽ ጠጪ።» «ዓይን በልቶታል፤ ትናንት ማን አየው?» ትናንት ይዤው የወጣሁት ፒያሳ ነው። ማንን ልጠርጥር? ግማሾቹ ደግሞ «አብሽሪ» ብቻ ብለው ያልፋሉ። ወሎ ውስጥ መድኃኒት ለጠፋለት ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ይቺ ቃል ናት።

ዱባይ ያለች የአገሬ ልጅ ደግሞ «ሞቆት ይሆናል፣ ኤሲውን ጨምሪለት» አለችኝ። እህቴ፣ ደሴ እኮ ነኝ! ሐምሌ ነው! ጉሙ መስኮቴ ላይ ተደግፎ፣ እኔ ሁለት ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ከዚያ አንዷ «ጠምቶት ነው፤ ትንሽ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አቅምሺው» አለች። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ገና እርጉዝ ሳለሁ ጀምራ ስትነግረኝ ነበር። 6 ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን አይሰጠውም፤ የጡት ወተት ራሱ ከ80 ከመቶ በላይ ውሃ ነው። ይህንኑ ጻፍኩ። አለመጻፍ ነበረብኝ።

«እኛ ገና ስንወለድ ቅቤ አልዋጥንም? ምን ሆንን?»

«የሆናችሁትማ ይኸው፣ በ8 ሰዓት ሌሊት እንቅልፍ የላችሁም!»

በቃ፣ ልጄ ተረሳ። ጠቡ አማት ድረስ ደረሰ። የማን አማት እንደሆነች እስካሁን አልገባኝም። አንዷ በማርያም፣ አንዷ በነብዩ እየለመኑ አስታረቁ። ሁሉም ይቅር ተባብለው ሲጨርሱ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር። ልጄ ተኝቷል። መቼ እንደተኛ አላየሁም።

ጠዋት ቡና ላይ ለጎረቤቶቼ አወራሁ። አቦል ላይ ጥርስ ነው ተባለ። ቶና ላይ ዓይን ሆነ። በረካ ላይ ለልጁ ዱዓ ተደርጎ ፋይሉ ተዘጋ። አንዲት እማማ ብቻ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ስልኬን አዩት። «ልጁስ ይተኛ ነበር» አሉ። «ይሄን ፋኖስ ማን ያጥፋለት?»

የዚያን ሌሊት ላለመክፈት ማልኩ። ከፈትኩት። የአስር ቀን ጨቅላ የታቀፈች አንዲት እናት «እህቶች ልጄ ዝም አልል አለኝ፣ እኔም አብሬው እያለቀስኩ ነው» ብላለች። ሆዴ ተላወሰ። የአራት ወር እናት እኮ ነኝ፤ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ይህ ማዕረግ ነው። የምመክራት ግን አልመጣልኝም። ያለኝ ያው የአገሬ መድኃኒት ነው። «አብሽሪ» ልል ጀመርኩ። ልጄ ጭኔ ላይ ሆኖ በእግሩ እጄን መታው። «ሪ» ሳትገባ ሄደ።

ደቂቃ ሳይሞላ መለሰችልኝ።

«እሺ እህቴ፣ ተባረኪ። በቀን ስንት ማንኪያ?»