የአጥሩ ባለቤት ማን ነው?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። ነርሷ እህታችን ከነልጆቿ ከኦርላንዶ ከተመለሰች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ትንሹ ልጇ የአይጥ ጆሮ ያለውን ቆብ አላወልቅም ብሎ እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እሷ ስለ ዲዝኒ ወርልድ መናፈሻ አውርታ አትጠግብም። «አንዲት ወረቀት መሬት ላይ ወድቃ አላየሁም። መንገዱ ጉድጓድ የለው። አውቶቡሱ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ከተማ ማለት እንዲህ ነው!» አለች።

«ከተማማ አይደለም» አልኩ። «የኩባንያ ግቢ ነው።»

ጨዋታው ከዚህ ተነሣ።

ሒሳብ ሠራተኛው ጓደኛችን ስኒውን አስቀመጠ። ዲዝኒ ሲነሣ ዘመዱ የተነካበት ያህል ይሰማዋል። «ያ ግቢ እኮ ራሱን በራሱ ሲያስተዳድር የኖረ ነው» አለ። «የፍሎሪዳው ገዥ ሮን ዴሳንቲስ ተናደደና ቀማቸው። ሰው ንብረት ውስጥ እንዲህ አይገባም። አባቶቻችን ምን አሉ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!»

ይህን ተረት ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደሰማነው እኔ ነኝ የማውቀው። መልስ ባጣ ቁጥር ያነሣታል። ተረቱ ግን ጥሩ ተረት ነው። እኔም እናቴ ስትለው እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ «ባለቤቱ ማን ነው?»

«ዲዝኒ ነዋ! መሬቱን ገዝቶታል» አለኝ።

የመሬት ባለቤትነትና የመንግሥትነት ልዩነት የጠፋው እዚህ ላይ ነው። አብረውን ቡና ላይ የተቀመጡት ጋሼም ነገሩ አልገባቸውም ነበርና ከሥሩ ጀምሬ ነገርኳቸው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ዋልት ዲዝኒ በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ በማዕከላዊ ፍሎሪዳ መሬት መግዛት ጀመረ። የገዛው ግን በራሱ ስም አይደለም። ማንም በማያውቃቸው ትንንሽ ኩባንያዎች ስም ነው። ሻጮቹ ከጀርባ ማን እንዳለ አያውቁም። ከ27,000 ኤከር በላይ ገዛ፤ ኤከር ግማሽ ሔክታር የማትሞላ የመሬት ልክ ናት። ለአንዱ ኤከር በአማካይ የተከፈለው 200 ዶላር ቢጠጋ ነው። ዋልት ዲሴምበር 1966 ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ሜይ 1967፣ የፍሎሪዳ ምክር ቤት ሪዲ ክሪክ የሚባል ልዩ ወረዳ በሕግ አቋቋመለት።

ወረዳው የተሰጠው ሥልጣን ቀላል አይደለም። መንገድ ይሠራል፣ የእሳት አደጋ ክፍል ያቆማል፣ ውኃና መብራት ያቀርባል። የሕንፃ ደንብ ያወጣል፤ ደንቡ መከበሩንም የሚያየው እሱው ነው። ግብር ይጥላል። ቦንድ ሸጦ ይበደራል። አውሮፕላን ማረፊያ መሥራት ይችል ነበር። ሕጉ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንኳ ፈቅዶለት ነበር፤ እሱን አልሠራውም እንጂ።

ይህን ሁሉ ያዝ የነበረው ቦርድ አምስት አባላት ነበሩት። የሚመርጣቸው መሬት ያለው ነበር። ድምፅ ይቆጠር የነበረው ደግሞ በሰው አይደለም፤ በኤከር ነው። አንድ ኤከር፣ አንድ ድምፅ። መሬቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም የኩባንያው ነው። የቦርድ አባል ለመሆን መሬት ያስፈልጋል ሲባል ኩባንያው ለየአባላቱ አምስት አምስት ኤከር በስማቸው ያዞርላቸው ነበር።

ጋሼ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ነው የሰሙኝ። «ቆይ እስቲ» አሉ። «መሬቱ የሱ ነው፤ ግብር የሚጥለው እሱ ነው፤ የሚሾመውም እሱ ነው። ይሄማ ጉልት ነው!»

እውነታቸውን ነው። ባለጉልት የሚባለው መሬት ስላለው ብቻ አይደለም። በመሬቱ ላይ ያለውን ሕዝብ ያስገብራል፣ ያስተዳድራል፣ ይዳኛል። እኛ አገር ጉልት በአዋጅ የቀረው በነሱ 1966፣ በኛ 1958 ዓ.ም. ነው። እኛ በሻርን በዓመቱ ፍሎሪዳ ሰጠች ማለት ነው። መሬት ለአራሹ የታወጀውም በኛ የካቲት 1967 ነው። ቁጥሩ ከነሱ ሕግ ጋር አንድ ሆኖ ሳየው ይገርመኛል፤ በመካከሉ ግን ስምንት ዓመት ገደማ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሌላ ነው» አለ ሒሳብ ሠራተኛው። «ረግረግ ነበር እኮ! ከአዞና ከወባ ትንኝ በቀር ምን ነበረበት? እነሱ ናቸው ያቀኑት።»

«ባለጉልቱም አባቴ ያቀናው ነው ይል ነበር» አሉት ጋሼ።

ለዚህ መልስ አልነበረውም። ተረቱን ደገመልን።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ሥልጣኑ የተጠየቀበት ምክንያት ነው። ዋልት ቃል የገባው መናፈሻ ብቻ አልነበረም። ኤፕኮት የሚባል 20,000 ሰው የሚኖርበት አዲስ ከተማ ልሠራ ነው ብሎ ነበር። ከተማ ከሆነ መንገድም ውኃም ያስፈልገዋል፤ ሥልጣን ስጡኝ ማለት ያስኬዳል። መናፈሻው ኦክቶበር 1971 ተከፈተ። ከተማው የውኃ ሽታ ሆነ። ኤፕኮት በ1982 ሲከፈት ሌላ መናፈሻ ሆኖ ነው። በወረዳው ውስጥ ቤይ ሌክና ሌክ ቡዌና ቪስታ የሚባሉ ሁለት ከተሞች በስም አሉ። ነዋሪዎቻቸው ግን ጥቂት ደርዘን ሰዎች ናቸው። ነዋሪ ከበዛ መራጭ ይበዛል። መራጭ ከበዛ ደግሞ የኩባንያው ሥልጣን ይሸረሸራል። ኩባንያው ሥልጣኑን ወሰደ፤ ሕዝቡ ሳይመጣ ቀረ። ታዲያ የተናቀው ማን ነው?

«ግብር ይከፍሉ ነበር» አለኝ ሒሳብ ሠራተኛው። ይከፍሉ ነበር። ለካውንቲዎቹም ለወረዳውም ይከፍላሉ። አልካድኩትም። እኔም እዚህ እከፍላለሁ። ስለከፈልኩ ግን የሕንፃ ደንብ አውጣ ያለኝ የለም።

ከዚያ ጠቡ ራሱ ተነሣ። በ2022 ፍሎሪዳ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ስለ ፆታ ዝንባሌና ማንነት ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ስለዚያ ሕግ ቤቱ ውስጥ የየራሳችን ሐሳብ ነበረን፤ ያን ቀን አልነካካነውም። ዲዝኒ መጀመሪያ ዝም አለ። ሠራተኞቹ ሲጮኹበት ተቃወመ። ገዥው ተቆጣ። በኤፕሪል 2022 ሪዲ ክሪክን የሚያፈርስ ሕግ ፈረመ። በዓመቱ በፌብሩዋሪ 2023 ማፍረሱ ቀርቶ ወረዳው እንዲቆይ፣ ስሙ እንዲቀየር፣ አምስቱን የቦርድ አባላት ገዥው እንዲሾም ተደረገ።

«አየህ!» አለ ሒሳብ ሠራተኛው። «ተናገሩ ተብለው ተቀጡ። የመናገር ነፃነት የት ገባ?»

ሐቁን ልናገር። ገዥው ይህን ያደረገው ለሕዝብ አዝኖ አይደለም። ተናዶ ነው። የሚያሳየውም ነገር አለ። ይኸው ገዥ በ2021 የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠር ሕግ ሲፈርም መናፈሻ ያላቸው ኩባንያዎች አይመለከታቸውም የሚል አንቀጽ ነበረበት። ያኔ ወዳጅ ነበሩ። አንቀጹ የተሰረዘው ከጠቡ በኋላ ነው። ግን በንዴት የተደረገ ሁሉ ስሕተት አይሆንም። ዲዝኒን አትናገር ያለው የለም፤ እስከ ዛሬም ይናገራል። የተወሰደበት መንግሥት መሆን ነው። እሱ ደግሞ ከነጭራሹም መብቱ አልነበረም። ስጦታ ነበር። የፌዴራሉ ፍርድ ቤትም ዲዝኒ በዚህ ነገር የመሠረተውን ክስ ጃንዋሪ 2024 ውድቅ አደረገው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን አሮጌው ቦርድ ሲወጣ የሠራው ነው። ለማንም ስነግረው አያምነኝም። በፌብሩዋሪ 2023፣ ሥልጣኑ ሊወሰድበት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከዲዝኒ ጋር ውል ተፈራረመ። የግንባታ ሥልጣኑን ለኩባንያው አስተላለፈ። አዲሱ ቦርድ የራሱን ሕንፃ የውጭ ገጽታ ለመቀየር እንኳ የኩባንያውን ይሁንታ እንዲጠይቅ አሰረው። ውሉ እንዲጸና የተጻፈው እስከ መቼ ነበር? ውሉ ሲፈረም በሕይወት ከነበሩት የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ዘሮች የመጨረሻው ሰው ከሞተ በኋላ ገና 21 ዓመት እስኪቆጠር!

ጋሼ «የማን ንጉሥ?» ብለው ሁለቴ አስደገሙኝ።

«የጠበቆች አጻጻፍ ነው፤ የተለመደ ነው» አለ ሒሳብ ሠራተኛው። አዎ፣ በሕግ የቆየ ዘዴ ነው። ውል ዘላለማዊ እንዳይባል በሰው ዕድሜ ይለካል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለኦርላንዶ ግንባታ የለንደን ሕፃን ዕድሜ መለኪያ ሲሆን የኦርላንዶ ሰው የት ነበር? ይህ ቤት ልቀቅ የተባለ ተከራይ ቁልፍ ቀይሮ እንደመውጣት ነው። ከዚህ የበለጠ ንቀት አላውቅም። «በል ተረትህን አሁን ድገማት» አልኩት። ደገማት። ግን ድምፁ ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር።

ነርሷ ነች ያልተጠበቀ ነገር ያነሣችው። «የወረዳው ሠራተኞችስ ምን ሆኑ?» አለች። መልሱ ደስ አይልም። አዲሱ ቦርድ በ2023 ለሠራተኞቹ ይሰጥ የነበረውን የመናፈሻ ነፃ መግቢያ አስቀረው። ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። እሳት የሚያጠፉ፣ ቧንቧ የሚጠግኑ። ልጆቻቸውን ይዘው የሚገቡባት አንዲት ነገር ነበረቻቸው። እሷን ነጠቋቸው። ይህ በደል ነው፤ አዲሶቹን የምደግፍ ሰው እንኳ ብሆን አላስተባብልላቸውም። ትልልቆቹ፣ ዲዝኒና አዲሱ ቦርድ፣ በማርች 2024 ታርቀዋል። በጁን 2024 የ15 ዓመት የልማት ስምምነት ፈረሙ። ዲዝኒ በ10 እና በ20 ዓመት መካከል እስከ 17 ቢሊዮን ዶላር ሊያፈስስ ነው።

«እና አዲሶቹን አምስት ማን መረጣቸው?» አለኝ ሒሳብ ሠራተኛው። «ገዥው አይደል? ሕዝቡማ አሁንም የለበትም።»

ከቀኑ ንግግሩ ሁሉ ፍሬ ያለው ይሄ ነው። እውነት ነው፣ ነዋሪው በቀጥታ አልመረጣቸውም። ነገር ግን ገዥ ቢያጠፋ በድምፅ ይወርዳል። ኤከር በምን ይወርዳል? 55 ዓመት ሙሉ ፍሎሪዳ ውስጥ ስንት ገዥ መጣ፣ ስንቱ ሄደ። የሪዲ ክሪክ ድምፅ ግን ያው አንድ ሰው ሆኖ ኖረ።

እኔን የሚያናድደኝም ይኼው 55 ዓመት ነው። አንድ ባለሥልጣን እስኪቀየም ድረስ አጥሩን ዞር ብሎ ያየ የለም። ሕጉ ተኝቶ ነበር። የቀሰቀሰው ፍትሕ አይደለም፤ የአንድ ሰው ንዴት ነው። ኩባንያው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬም ድምፅ በኤከር ይቆጠር ነበር። ዘመኑ እንዲህ ሆኗል። ንጹሕ መንገድና ሰዓቱን የጠበቀ አውቶቡስ ካየን ማን ፈቀደልህ ብለን አንጠይቅም። ያምር እንጂ ይግዛን እንላለን።

ሩቅ ምን አስኬደኝ። እኔ በተከራየሁበት ግቢ ባለፈው ክረምት ሊጠይቀኝ የመጣ የአክስቴ ልጅ መኪናውን አቁሞ አደረ። ጠዋት መኪናው የለም። ሌሊት ጎትተው ወስደውታል። ደንቡን ማን አወጣው ብዬ ብጠይቅ አስተዳደሩ አሉኝ። አስተዳደሩን ማን መረጠው ስል ተከራይ አይመርጥም ተባልኩ። ከፍለን አወጣነው። አዲስ አበባም ስሄድ ያው ነው። አጥሩ ከፍ ያለ መንደር አለ፤ የራሱ ዘበኛ፣ የራሱ የጉድጓድ ውኃ፣ የራሱ ጄኔሬተር። ከአጥሩ ውጭ ያለችው እናት ጀሪካን ተሸክማ ታልፋለች። መብራት ሲጠፋ ውስጥ ያለው አያውቅም። ስለማያውቅም ለምን ጠፋ ብሎ የሚጮኽ ሰው ቀነሰ። ጉልበት ያለው የራሱን መንግሥት ይዞ ከገባ ለቀረነው መንግሥት ማን ይጮኽለታል? እኛም ደግሞ አጥሩ እንዴት ያምራል እያልን ፎቶ እንነሣበታለን።

ቡናው በረካ ላይ ደረሰ። ነርሷ ልጇን ከነቆቡ አቅፋ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ለመሆኑ በነሱ ጊዜ ያ መንገድ ቢበላሽ ሰው አቤት የሚለው ለማን ነበር?» አለች።

«ለዲዝኒ ነዋ» አላት ሒሳብ ሠራተኛው።

ተረቱን አልደገመውም።