ልጄ ዘጠኝ ነው የምትማረው

ባለፈው አንድ ክርስትና ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ጋሼ "ልጅህ የት ነው የሚማረው?" አሉኝ። የትምህርት ቤቱን ስም ነገርኳቸው። ስሙ ምንም አልነገራቸውም መሰለኝ፣ "ስንት ነው?" አሉ። "አስራ አንደኛ ክፍል ደርሷል" አልኩ። አዘኑልኝ። "እሱን አይደለም። ትምህርት ቤቱ ስንት ነው?" ብለው የራሳቸውን አስከተሉ። "የኔ ልጅ ዘጠኝ ነው የምትማረው።"

እግዜር ይስጣቸው፣ ዓይኔ የበራው ያን ቀን ነው። ለካ እስከዛሬ በከንቱ ስደክም ኖሬያለሁ። አስተማሪ ማነጋገር፣ ልጁን "ዛሬ ምን ተማርክ?" ብሎ መጨቅጨቅ፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ መጠየቅ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው የሞንጎመሪ ካውንቲ ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶችና ወደ 160 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ አለው። ሃይስኩሎቹ ብቻ 25 ናቸው። ይህን ሁሉ ማን ዞሮ ያያል? አንድ ድረ ገጽ ለየትምህርት ቤቱ የሚሰጣት፣ ከ1 እስከ 10 ያለች አንዲት ቁጥር ገላገለችን። ልጅ የሚመደበው በመኖሪያ ሰፈሩ ነውና፣ እሷም ቤት ስንፈልግ የቤት ሽያጭ ድረ ገጹ ዚሎው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀናለች። አራት መኝታ፣ ሁለት ተኩል ባዝሩም፣ ዘጠኝ ትምህርት ቤት።

አገር ቤት እያለን ደረጃ የሚወጣው ለተማሪው ነበር። ካርድ ላይ "ከ62 ተማሪ 4ኛ" ተብሎ ይጻፋል። አባት ካርዱን አገላብጦ "ሦስቱ ምን በልተው በለጡህ?" ይላል። ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበርን አያችሁ? ልጁ ራሱ ማጥናት ነበረበት! እዚህ ግን ደረጃውን ትምህርት ቤቱ ያወጣል፣ ምስጋናውን አባት ይወስዳል፣ ልጁ ተኝቶም ዘጠኝ ነው።

በተለይ ወደ ካውንቲው ሀብታም ሰፈሮች፣ ወደ ቤተስዳና ፖቶማክ የሚሰደደውን ወገኔን ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይለኛል። ቤተስዳ ስሟን ያገኘችው ከመጽሐፉ መጠመቂያ፣ ከቤተ ሳይዳ ነው። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድን ነበር። መጻጉዕ 38 ዓመት የተኛው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነው። የኛ ሰው ግን ሪልተር፣ ቤት የሚያገበያየው ደላላ አለው። ዊትማን ወይም ቸርችል በሚባሉት ሃይስኩሎች ክልል ውስጥ "ለሽያጭ" የሚል ሰሌዳ ተተከለ ማለት ውኃው ተናወጠ ማለት ነው፤ ከተጠየቀው ዋጋ በላይ ጨምሮ ዘሎ ይገባል። የቤቱ ብድር፣ ሞርጌጁም 30 ዓመት ብቻ ነው። ከመጻጉዕ ስምንት ዓመት ተረፈ።

አንዳንድ ምቀኞች ይህች ቁጥር የወላጅን ኪስ ተከትላ ነው የምትሄደው ይላሉ። የነፃ ምሳ ተጠቃሚ በበዛበት ዝቅ ትላለች፣ እንግሊዝኛ ገና የሚለምድ ልጅ በበዛበትም ዝቅ ትላለች፣ ሐኪምና ጠበቃ በተሰበሰበበት ከፍ ትላለች። ይበሉ። ትምህርት ቤቱ ምን እንዳስተማረ ከመመርመር ልጆቹ ከቤታቸው ምን ይዘው እንደመጡ መመዘን አይቀልም? ተማሪው ካለበት ተነስቶ ምን ያህል እንደተሻሻለ የሚያሳይ ሌላ ቁጥር ከሥር እንዳለም ሰምቻለሁ። እሱን ለማየት ግን አንዴ መጫን ያስፈልጋል። ሥራ ያለው ሰው ይህን ሁሉ አይጫንም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ብሌር ሃይስኩል ብቻ ነው ያስቸገረን። እዚያ ትምህርት ቤት ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማግኔት የሚሉት ልዩ የሒሳብና የሳይንስ ፕሮግራም አለ፤ ተመርጠው የሚገቡት ልጆች ብርቅ ናቸው። በዚያው ኮሪደር ከሦስት ወር በፊት ከቦሌ የበረረ ልጅም ደብተሩን ይዞ ያልፋል። ቁጥሯ ግን አታዳላም። ሁለቱንም ድስት ውስጥ ከታ አማስላ አንድ ዲጂት ታወጣለች። ለማግኔቱም ልጅ አትሆንም፣ ለአዲሱም አትሆንም። ለኛ ግን ትበቃናለች።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የእህቴ ልጅ በዲቪ መጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት እየፈለገ እንደሆነ ነገርኳቸውና ምክር ጠየቅኩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ሐበሻ የበዛበት ትምህርት ቤት እንዳያስገባቸው፣ ቁጥሩ ጥሩ አይደለም።" ይህን ያሉት ሁለት መቶ ሐበሻ የታደመበት አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ክትፎውን ከጎመን ጋር እየጠቀለሉ። እውነታቸውን ነው። የእህቴ ልጅ ልጆች ገና ሳይመዘገቡ ቁጥሩን ሊያወርዱት ነው። እኛም ስንመጣ አውርደነው ነበር፤ ኋላ ወደ ዘጠኙ ሸሸን።

"ሒሳብ የምታስተምራት ማን ናት?" አልኳቸው።

"ማንን?"

"ልጅዎን።"

ትንሽ አሰቡ። አስተማሪዎቹን የሚያስተዋውቁበት ምሽት ላይ አልሄዱም። ማታ ማታ ኡበር ይሠራሉ፣ ዘጠኙ ክፍያ አለበት። ካውንቲው ደግሞ ደብዳቤውን በአማርኛ ሳይቀር እያስተረጎመ ይልካል። ግን ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ቁጥር አጭር ነው።

ስልካቸውን አወጡ። የልጃቸውን ፎቶ ሊያሳዩኝ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ትምህርት ቤቱን ነው የከፈቱት። አዩና ዝም አሉ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ።

"ምነው?"

"ስምንት ሆኗል።"

"ልጅቷ ምን ሆነች?"

"ልጅቷማ ደህና ናት" አሉ፣ ከስልኩ ሳይነቀሉ።

ሙዚቃው ተከፈተ፣ ሰው ሁሉ ለእስክስታ ተነሳ። እሳቸው ሪልተራቸው ጋ እየደወሉ ነበር።