የሊዛቬታ ደም

የክርክሩ ርእስ፦ «በዶስቶየቭስኪ ‹ወንጀልና ቅጣት› ልብ ወለድ ውስጥ ራስኮልኒኮቭን ከፍርድ ቤት አስቀድሞ የቀጣው ጸጸቱ ነው።» ሐሳቡን የሚደግፉት የሥነ ጽሑፍ መምህር ሲሆኑ፣ የሚቃወሙት የወንጀል ጉዳዮች ጠበቃ ናቸው።

መምህሩ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 በአንድ የሩሲያ መጽሔት በተከታታይ የወጣው ይህ ልብ ወለድ ስድስት ክፍሎችና አንድ መደምደሚያ አሉት፤ ግድያው ግን የሚፈጸመው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ አንባቢው ዐይኑ እያየ ስላወቀ፣ የቀሩት አምስት ክፍሎች የሚተርኩት ኅሊና ባለቤቱን እንዴት እያሳደደ እንደሚይዘው እንጂ ፖሊስ ገዳይ እንዴት እንደሚፈልግ አይደለም። ትምህርቱን ያቋረጠው ወጣት አራጣ አበዳሪዋን አሮጊት አልዮና ኢቫኖቭናን በመጥረቢያ ይገድላታል፤ ሳይታሰብ የደረሰችውን እኅቷን ሊዛቬታንም ይጨምራታል። የዘረፈውን ቦርሳ ከፍቶ እንኳ ሳያይ ድንጋይ ሥር ይቀብረዋል። ከዚያ በኋላ ለቀናት በትኩሳት ይቃጠላል፣ ይቃዣል፤ እናቱና እኅቱ ከሩቅ አገር መጥተው ሲያቅፉት እጆቹ አልታዘዝ ይሉታል። ይህ ሰው በጸጸት ታመመ። የፒተርስበርግ ፍርድ ቤት ስምንት ዓመት የግዞት ሥራ ሲፈርድበት፣ ዋናውን ቅጣት ነፍሱ ጨርሳዋለች።

ጠበቃዋ

መምህር «በጸጸት ታመመ» ብለው በሁለት ቃል ያለፉት ነገር ብዙ የተሸከመ ስለሆነ፣ እዚያው ላይ ብንቆም እወዳለሁ። ልብ ወለዱ ሲከፈት ወጣቱ ወር ሙሉ በዚያች ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል ተኝቶ ብቻውን ሲያወራ ከርሟል፤ ሁለት ቀን እህል በአፉ የዞረ አይመስልም፤ ጎዳና ላይ ሲወጣ ከራሱ ጋር ይነጋገራል። መጥረቢያው ገና አልተነሣም። እኔ ከመቁሰሉ በፊት ሲያነክስ የነበረን ሰው «ያነከሰው በዚህ ቁስል ነው» ብዬ ችሎት ፊት ብከራከር፣ ዳኛው ፋይሉን ዘግተው ወደ ቤቴ ይሸኙኛል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መደምደሚያው ነው። ራስኮልኒኮቭ ሳይቤሪያ ደርሶ ራሱን በጥብቅ ሲመረምር፣ ኅሊናው በማንም ላይ ሊደርስ ከሚችል ስሕተት በቀር አንዳች የሚያስደነግጥ በደል እንዳላገኘበት በግልጽ ተጽፏል። ወንጀሌ ነው ብሎ የሚቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ያሰበው አለመሳካቱና እጁን መስጠቱ። አማርኛ ለዚህ ስሜት የተለየ ቃል አለው። ሳይሳካልኝ ቀረ ብሎ መንገብገብ ቁጭት እንጂ ጸጸት አይባልም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ደግሞ ፈተና የወደቀ ተማሪን ሁሉ ንስሐ የገባ ኃጢአተኛ ያደርገዋል።

መምህሩ

ልብ ወለድን እንደ ክስ መዝገብ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው የገጽ ቁጥር ነው። ጠበቃዋ ከግድያው በፊት ስለነበረው ሕመም ሲያነሡ፣ ከግድያው በፊት የታየውን ሕልም ለምን ዘለሉት? ራስኮልኒኮቭ በሕልሙ ሕፃን ሆኖ፣ ሰካራሞች አንዲት ከሲታ ባዝራ ከአቅሟ በላይ በተጫነ ጋሪ ጠምደው እየሣቁ ደብድበው ሲገድሏት ያያል፤ ሮጦ የሞተችውን እንስሳ ራስ አቅፎ ይስማታል። በላብ ተጠምቆ ሲነቃ የሚጠይቀው «በእውነት መጥረቢያ አንሥቼ አናቷን ልፈልጥ ነው?» ብሎ ነው። ጸጸቱ ከወንጀሉ ቀድሞ ደረሰ፤ የደራሲው ጥበብም እዚህ ላይ ነው።

መደምደሚያውን በተመለከተ፣ አፍ የካደውን አካል ሲመሰክር ያላየ አንባቢ ይኖራልን? በሳይቤሪያ የሚናገረው ትዕቢቱ ነው። ነገር ግን ያ ትዕቢተኛ ሰው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ በገበያው አደባባይ መካከል ተንበርክኮ፣ ሕዝቡ «ይህ ሰክሯል» እያለ ሲስቅበት፣ የቆሸሸውን መሬት ስሟል። ቁጭት ሰውን አያንበረክክም።

ጠበቃዋ

ከወንጀሉ ቀድሞ የሚደርስ ጸጸት! ይህን ለደንበኞቼ አስተምራለሁ፤ አስቀድመው ተጸጽተው፣ አስቀድመው ተቀጥተው፣ ከዚያ በኋላ በንጹሕ ልብ ሊገድሉ ነው። ገና ያልተደረገን ነገር ማሰብ የሚያመጣው ፍርሃት ነው፣ ቢበዛም መቀፈፍ ነው። ስለ ትኩሳቱም ቢሆን መምህር አሁንም አልመለሱልኝም፤ ሕልም ነገሩን እንጂ ታማሚው መቼ እንደታመመ አልነገሩንም።

መሬቱን ስሟል፤ እስማማለሁ። ግን ያን እንዲያደርግ ያዘዘችው ግድያውን የተናዘዘላት ድሃዋ ልጅ ሶንያ ናት፤ «ገዳይ ነኝ» ብሎ ለሕዝቡ ጮክ ብሎ እንዲናገርም አዝዛው ነበር፤ ቃሉ ጉሮሮው ውስጥ ቀርቷል። ይህንን የሚዘነጋ አንባቢ ከእኔ የባሰ ጠበቃ ነው።

እኔን የሚያስቆጣኝ ግን ሌላ ነው። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ገዳዩ ነፍስ ሆነ። ሊዛቬታ የት አለች? ረጅም፣ ዓይናፋር፣ የእኅቷ ገረድ ሆና የኖረች፣ ያገለገለ ዕቃ ለሰው እያሻሻጠች የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ መጥረቢያው ሲመጣባት ፊቷን ለመሸፈን እንኳ እጇን በወጉ አላነሣችም። አሮጊቷ ደም መጣጭ ነበረች የሚለው ሰበብ ለእርሷ አይሠራም። ራስኮልኒኮቭም አንድ ቦታ ላይ ራሱ ይገረማል፤ እርሷን እንዳልገደላት ሁሉ ለምን እንደማያስባት ይጠይቅና ወዲያው ሌላ ነገር ያነሣል። በአገራችን ደም ሲደርቅ ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሟች ወገን ነው፤ ገዳይ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ብዙ ተሠቃየሁ» ስላለ ደሙ አይደርቅም።

መምህሩ

ይህን ልብ ወለድ ለሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ «ከእኔ የባሰ ጠበቃ» ብሎ የተሳለቀብኝ ተማሪ አልነበረም። ይሁን።

ጠበቃዋ የሟች ወገን የት አለ ብለዋልና እመልሳለሁ። የሟች ወገን ሶንያ ናት። ሊዛቬታና ሶንያ ወዳጆች ነበሩ፤ አብረው ቅዱስ መጽሐፍ ያነቡ ነበር፤ ሊዛቬታ የአንገት መስቀሏን ለሶንያ፣ ሶንያም ትንሽ ቅዱስ ሥዕሏን ለሊዛቬታ ሰጥተው ተለዋውጠዋል። ሶንያ ለራስኮልኒኮቭ የአልዓዛርን ትንሣኤ ያነበበችለት መጽሐፍ ከሊዛቬታ የተገኘ ነው። ስለዚህ እርሱ ለሶንያ ሲናዘዝ፣ እርስዎ እንዳሉት ሽማግሌ ልኮ ሳይሆን በገዛ እግሩ ሄዶ ሟቿን ከሚያለቅስላት ሰው ፊት ቆመ። በፖሊስ ጣቢያ የሰጠው ቃልም አሮጊቷንና «እኅቷን ሊዛቬታን» በመጥረቢያ እንደገደለ ስሟን ጠርቶ ይናገራል። የማያስባት ሰው ስሟን ለምን ጠራ? የእኔ ነጥብ ከመነሻው ይኸው ነው፤ ጸጸት ሰውየውን እየመራ ወደ ኑዛዜ፣ ከኑዛዜም ወደ አዲስ ሕይወት አደረሰው።

ጠበቃዋ

የመምህር ነጥብ ከመነሻው ይህ አልነበረም። ከመነሻው ጸጸት «ቀጣው» ነበር፤ አሁን «መራው» ሆኗል፤ ትኩሳቱም በመካከል ድኖ ተሰናብቷል። በሃያ ዓመት ማስተማርዎ ያልሁት ነገር ስለሌለ፣ ለእርሱ ይቅርታ አልጠይቅም።

ሶንያን ስላመጡልኝ ግን አመሰግናለሁ። የወዳጇ ገዳይ እርሱ መሆኑን ስታውቅ ይህች ሴት ምን አደረገች? ተንበርክካ፣ አንገቱን አቅፋ፣ «በራስህ ላይ ምን አደረግህ!» አለችው። በራስህ ላይ! በዓለም ላይ ካንተ የባሰ የተጎዳ ሰው የለም ብላም አለቀሰችለት። ሊዛቬታን ያውቃት የነበረ፣ መስቀሏን ያንጠለጠለ ብቸኛ ሰው እንኳ እንባውን መጀመሪያ ለገዳዩ ሰጠ። ደራሲው ሟቿን አንድ ጊዜ በመጥረቢያ፣ ሁለተኛ ጊዜ በርኅራኄ ገደላት። ፍርድ ቤቱም ይህንኑ ስሜት ተከትሎ ገንዘቡን አለመንካቱን፣ ሕመሙን፣ ሌላ ሰው በሐሰት ባመነበት ጊዜ እጁን መስጠቱን፣ ከእሳት ሕፃናትን ማውጣቱን ሁሉ ቅጣት ማቅለያ አደረገለት። እኔም በሙያዬ ይህንኑ አደርግ ነበር፤ ግን ጸጸት ብዬ አልጠራውም።

መምህሩ

ሶንያ ሊዛቬታን ረስታታለች ማለት ግፍ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳታውቅ በፊት ለሊዛቬታ ነፍስ ፍትሐት አስደርጋ እንደነበር ለራሱ ለራስኮልኒኮቭ ነግራዋለች፤ «በመጥረቢያ ነው የገደሏት» ብላ። ያን የሰማን ሰው ለመቅጣት ሌላ ዳኛ ያስፈልጋልን?

ጠበቃዋ

ፍትሐቱን ያስደረገችው ከገላዋ ሽያጭ ቤተሰብ የምታስተዳድር ድሃ ልጅ ናት። ራስኮልኒኮቭ ያን ሰምቶ ብዙም ሳይቆይ እንድታነብለት ያዘዛት የአልዓዛርን ታሪክ ነው፤ ከሞት ተነሥቶ እንዲታይ የሚፈልገው የራሱ ነፍስ ነውና። ለሊዛቬታ በስድስቱም ክፍል አንዲት ጧፍ አላበራላትም።