ብይ ያዘናጋው ማንን ነው?

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበር። እዚሁ ደሴ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ዕረፍት ወደ 10 ደቂቃ ወርዶ በተረፈው ሰዓት ማጠናከሪያ ይሰጣል ተባልን። ብይ ይዞ የተገኘም ይቀማል። «ጥናት እንደሚያሳየው ጨዋታ ልጅን ያዘናጋል» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ከኋላ አንዲት እናት ስታጉረመርም ደግሞ «አብሽሪ፣ ይለምዱታል።»

የቱ ጥናት? ብዬ ጠየቅኩ። «ፊንላንድን ተመልከት» አሉኝ።

እሺ፣ እንመልከታት። እዚያ ልጅ 1ኛ ክፍል የሚገባው 7 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ነው። ከገባም በኋላ 45 ደቂቃ ተምሮ 15 ደቂቃ ውጭ መውጣት የተለመደ ነው፣ ያውም በዚያ ብርድ (የኛ የጦሳ ተራራ ብርድ ለነሱ በጋ ነው)። ጋሼ፣ ምስክር ሲጠሩ እኮ ለርስዎ የሚመሰክር ይጠራል።

የብዩ ነገር ግን አንገብግቦኛል። ዣን ፒያዤ የሚባል የስዊዘርላንድ ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ላሳተመው ጥናት፣ የጄኔቫና የኑሻቴል ልጆች ብይ ሲጫወቱ አብሯቸው ቁጭ ብሎ «ሕጉን አስረዱኝ» ይላቸው ነበር። ትንንሾቹ ሕጉ ከትልልቆች የወረደ ስለሆነ አይነካም ይላሉ። 10 እና 11 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ «ሁላችንም ከተስማማን እንለውጠዋለን» ማለት ይጀምራሉ። ይህን በሰሌዳ ያስተማራቸው የለም። እኛም ጋ ያው ነው፤ የሸዋበር ሰፈሩ ልጅ «በኛ ሰፈር ሕግ» ሲል የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ ልጅ «አይሆንም» ይላል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ከዚያ ደወሉ ሳይደርስባቸው ለመጫወት ሲሉ ይታረቃሉ። ግብረ ገብን ከደብተር ገልብጦ ይህን ያህል የገባው ልጅ ካለ አምጡልኝ! እኛ ትልልቆቹ መስማማት አቅቶን የደረስንበትን ይህች ከተማ አይታዋለች። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ፊደል ሳይቆጥሩ በ2014 ጥቅምት የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰሙ ናቸው። ለነሱ ነው ጨዋታ የበዛባቸው?

የ12ኛ ክፍሉ ውጤት እንዳስደነገጠ አይጠፋኝም። በ2014ቱ ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ተማሪ የጣለው ብይ ነው?

ልጄ ሰኞ ዕለት ኪሱን ባዶ አድርጎ መጣ። ሰባት ብይ ተቀምቷል። አንዷ ከልጅነቴ የተረፈች የራሴ ናት፣ እሷን ልወስድ ነገ እመጣለሁ።