ጋሼ፣ ትከሻ!

በእኛ አገር ሕመም ሁሉ ብርድ ነው። ጉልበት ቢያምህ ብርድ፣ ጎንህን ቢወጋህ ብርድ፣ ራስህን ቢፈልጥህ ብርድ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሚያዝያ ወር ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ ሊያቀልጥ ሲቃረብ፣ ዘንባባ ሥር የተቀመጠው ሁሉ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ በካርቶን ሲያራግብ፣ እስቲ "አንገቴን አመመኝ" በል። "ብርድ መቶህ ነው" ይሉሃል፣ ላባቸውን እየጠረጉ። "ማታ መስኮት ከፍተህ ተኛህ አይደል?"

እኔ ግን ምክንያቱን አውቀው ነበርና ተናገርኩ። "ቫዮሊን እየተማርኩ ነው" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ብርዱ ቀርቶ ሌላ ምርመራ ተጀመረ። የሥራ ባልደረባዬ "ዲስክ ነው" አለ። ዲስክ የሚባለው ሕመም ከታወቀ ጀምሮ ብርድ ተቀናቃኝ አግኝቷል። የሠፈራችን ባለሱቅ "ነርቭ ነው" አለ፣ ስኳር እየመዘነ። አከራዬ ምርመራ ውስጥ አልገቡም። ፌጦ በሎሚ ለውሰው መጡ። "ለምኑ ነው እትዬ?" ብላቸው "ለሁሉም ነው ልጄ" አሉኝና አንገቴን ቀቡኝ። ሕመሙ አልለቀቀኝም። ሽታው ግን አብሮኝ ቢሮ ገባ፣ ስብሰባ ተቀመጠ።

ቫዮሊኗን የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም። እሷን አይቶስ ማን ይጠረጥራል? ክብደቷ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ደጋኗ 60 ግራም ገደማ ናት። ይህን የምታህል ሽንኩርት ልግዛ ብትል ባለጉልቷ ሚዛኗን አታነሣልህም።

ይህችው ሚጢጢ እንጨት ትከሻ ላይ ወጥታ አገጭ ሥር ስትገባ ነው ጉዱ። መጀመሪያ የሚነሣው ትከሻ ነው። ማንም ሳያዘው ወደ ጆሮ ይወጣል። ትከሻ ሲወጣ አንገት ይገተራል። አንገት ሲገተር ጥርስ ይነከሳል። ጥርስ ሲነከስ ግራ እጅ የቫዮሊኗን አንገት ያንቃል። ቀኝ እጅም ቅናተኛ ነው፤ ግራው ሲጨብጥ አይቶ ደጋኑን ይጨብጣል። ለስለስ ብሎ መጉበጥ የነበረበት አውራ ጣት ቀጥ ብሎ ተገትሮ ደም አልባ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሰልፍ ተሰልፎ የሚወጣው ድምፅ ደግሞ አንድ ረጅም "ጢጢጢጥ" ነው።

በዚያ ላይ ቫዮሊን ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚጠቁም ነገር የለም። ጊታር ላይ ያሉት የብረት መስመሮች እሷ ጋ የሉም። አንድ ሚሊሜትር ከሳትክ ሌላ አገር ገባህ። ስለዚህ ዓይን ጣትን ለመጠበቅ ወደ ግራ ይፈጣል። ዓይን ሲዞር አንገትም አብሮ ይጠመዘዛል። ከክሮቹ ሁሉ ቀጭኗ ደግሞ ብዙ ጊዜ የብረት ሽቦ ናት። የግራ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችብኝ። አንድ ቀን ጠዋት ስልኬን ልከፍት ሌባ ጣቴን ባስነካው "አሻራው አልታወቀም" አለኝ። በገዛ ስልኬ ባዕድ ሆንኩ።

መምህሬ የመጨረሻ ታናሼን ቢያህል ነው። "ጋሼ" ይለኛል። አክብሮቱ እዚያው ላይ ያልቃል። ቀጥሎ የሚመጣው "ትከሻ!" ነው። ሰላምታችንም፣ ትምህርታችንም፣ ስንብታችንም "ጋሼ፣ ትከሻ!" ሆኗል። አንድ ቀን ቫዮሊኗን ከእጄ ወስዶ ሒሳቡን አስረዳኝ። "ጋሼ፣ የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ ዕቃ ለመያዝ እሱ ከበቂ በላይ ነው። ጣል አድርገው፣ በቃ። ማን ተጫን አለህ?" እውነቱን ነው። የአገጭ ማሳረፊያ የሚሏትን ነገር እንኳ ጀርመናዊው ቫዮሊን ተጫዋች ሉዊስ ሽፖር ያመጣት በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ቫዮሊን ግን ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ የተፈጠረችው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። በመሀል ያለፈው ሕዝብ ሁሉ ያለ ማሳረፊያ ሲጫወት ኖሯል። እኔ ማሳረፊያም፣ የትከሻ ድጋፍም፣ በሁለቱ መሀል የታጠፈ ፎጣም አለኝ። ትከሻዬ ግን አሁንም ከጆሮዬ ጋር ምሥጢር ያወራል።

የሚገርመኝ ደግሞ የተወለድኩበት አገር ነው። ሰርግ ላይ ገና መናገር ያልጀመረ ሕፃን ትከሻውን የሚሰብቅበት አገር! ትከሻን ወደ ፊት መወርወር እናውቅበታለን፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ፣ እያንዘፈዘፉም እናውቅበታለን። ዝም ብሎ ማስቀመጥ ብቻ ነው ያልተማርነው።

ከተማችንም ስሟ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ሰው "ትንሽ ዘና ልበል" ብሎ ወደ ባሕር ዳር ይመጣል። ጣና ዳር ተቀምጦ፣ አሳውን በልቶ፣ ጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ ደርሶ፣ ትከሻው ወርዶ ይመለሳል። እኛ ነዋሪዎቹ ግን ዘና ማለትን ለእንግዳ እናከራየዋለን እንጂ አንጠቀምበትም። የባጃጁን ሾፌር እዩት፤ መሪውን እንዴት እንደሚጨብጥ። ባንክ ቤት ወረፋ የያዘውን ሰውዬ እዩት። እኔ ራሴ የቤት ኪራይ የጨመረ ዕለት የወጣ ትከሻ አለኝ። ልጁ መምህሬ ይህን አያውቅም፤ ኪራይ አይከፍልም። "ጋሼ፣ ይሄ ትከሻ እኮ ቫዮሊኗን ሳታነሣም ወጥቷል" ያለኝ ዕለት ግን ደነገጥኩ። ጠንቋይ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ልጁ ሕመምን ይለያል። የጣት ጫፍ ቢያምህ ግድ የለም፤ በሳምንታት ውስጥ ቆዳው ይጠነክራል። እጅ ከደነዘዘ፣ ክንድ ከነዘረ፣ አንጓ ካቃጠለ ግን አስቀምጥና እረፍ ነው የሚለው። ሰዓት ሙሉ ከመሰቃየት ሩብ ሰዓት ተጫውቶ፣ ትንሽ ተንጠራርቶ መመለስ ይሻላል ይላል። ይህን ለማን ትነግራለህ? የእኛ ሰው ሥቃይ የሌለበት ትምህርት የተሰጠው አይመስለውም።

አጎቴን ልንገራችሁ። በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዜማ ቤት ዓመታት ገፍተዋል። አንገቴን ይዤ ሲያዩኝ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከቅዱስ ያሬድ ነው። ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ መምህሩም አጎቱም የሆነው ጌዴዎን ቢገርፈው ሸሸ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ። ይህንን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የጣና ዳር ሰው ደግሞ ጨምሮ ያውቃል፤ ያሬድ ጣና ቂርቆስ ደሴት ላይ ተቀምጦ አስተምሯል ይባላልና እንደ ጎረቤት ነው የምናየው። "ትሏን አስብ!" ይሉኛል አጎቴ። አስባታለሁ። ትሏ ግን ትከሻ የላትም።

ሁለተኛው የአጎቴ መሣሪያ ጦሩ ነው። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው። ዘማሪውም ንጉሡም በዜማው ተመስጠው ደሙ እስኪፈስ አላወቁም። "አንተ በአንዲት ክር ትጮሃለህ" ይሉኛል። ይሁን። ነገር ግን ያሬድ ያን ጊዜ ተማሪ አልነበረም፤ ጨርሶ ነው የተወጋው። እኔ ገና "ላ" እና "ሚ" በሚሏቸው ድምፆች ላይ ነኝ። በዚህ ደረጃ ጦር ቢነካኝ በደንብ ነው የሚሰማኝ። ይህን ስላቸው ሦስተኛውን ያመጣሉ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" እግርማ ያውጣ። አንገት ያወጣ ዕለት ያነጋግረኝ።

ፌጦው አልሠራ ሲል አከራዬ ወጌሻ ጋ ሰደዱኝ። ወጌሻው ሽማግሌ ናቸው፤ መዳፋቸው ቅቤ ጠጥቶ ያበራል። በርጩማ ላይ አስቀምጠው ከጆሮዬ ሥር ጀምረው በአውራ ጣታቸው ወደ ትከሻዬ ወረዱ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ እሳቸው ቆም፣ እኔ ብድግ አልን።

"ምን ተሸክመህ ነው ልጄ?"

"ቫዮሊን።"

"ስንት ኪሎ ይሆናል?"

"ግማሽም አይሞላ።"

እጃቸውን ከአንገቴ ላይ አነሡ። ከበሩ አጠገብ ወረፋ ወደሚጠብቁት ሁለት ጎረምሶች ዞሩ። ሁለቱም የእህል ኩንታል የሚያወርዱ ናቸው። "ሰማችሁ?" አሏቸው። ሰምተዋል። ከፍዬ ስወጣ ሳቃቸው እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኝ።

ስለ ጎረቤቶቼ ማንሣት አልፈልግም ነበር፤ ግን ግፍ ይሆንብኛል። የጀመርኩ ሰሞን ዘበኛው የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባ። ጥዝታው አልቆመም። በማግስቱ ደግሞ ቀባ። በሦስተኛው አከራዬ ራሳቸው በሩ ሥር ቆመው እየከፈቱ እየዘጉ ሲያዳምጡ ደረስኩ። በሩ ዝም ብሏል። ድምፁ ግን ከእኔ ክፍል ነበር፤ መምህሬ ቀድቶ የላከልኝን የራሴን ጨዋታ ከፍቼ ሳላጠፋው ነበር የወጣሁት። እትዬ ምንም አላሉም። ብቻ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ሰማዩን ለምን እንዳዩ የገባኝ ክረምት ሲገባ ነው። የባሕር ዳር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው እንኳ አይደማመጥም። ሐምሌና ነሐሴ የእኔ ወራት ናቸው። እርጥበቱ መቃኛዎቹን አሳብጦ አላዞርም ያሰኛል እንጂ፣ ለግቢው ሰላም ነው።

በጋውን ግን ጣና ዳር ነው የምሰደደው። እዚያ ደግሞ ሰው አለ። አንዱ ሊስትሮ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና "ጋሼ፣ ይቺ ስታድግ ጊታር ነው የምትሆነው?" አለኝ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሙሽሮች አሉ። ባለፈው አንድ ፎቶ አንሺ "ለአንድ ደቂቃ ብቻ" ብሎ ለመነኝና ቫዮሊኗን ለሙሽራው ሰጠሁት። ሙሽራው ዕድሜ ልኩን ነክቷት አያውቅም። ትከሻው ላይ አስቀመጣት፤ ጭንቅላቱን ጣል አደረገ፤ ደጋኑን በጣቶቹ ጫፍ አንጠለጠለ። ትከሻው ወርዷል! አንገቱ ለስልሷል! መምህሬ ወራት የለመነኝን ነገር ሰውዬው በሱፍ ልብስና በጠባብ ጫማ በአንዴ ሠራው። ሚዜዎቹ አጨበጨቡ። ፎቶውን ለመምህሬ አሳየሁት። "ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚማረው?" አለኝ።

ሰሞኑን ጓደኞቼ "አንገትህን ትተህ ተጫወት" ብለው አዝማሪ ቤት ወሰዱኝ። አዝማሪው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አስደግፏል። አንድ ክር፣ እሷም የፈረስ ጭራ። ጣቶቹ ክሯን ዳበስ ያደርጓታል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቋትም። አንገቱ ቀጥ፣ ትከሻው ርግፍ ብሏል። እየመታ ይዘፍናል፣ እየዘፈነ ይሳደባል፣ እየተሳደበ የማን ጠርሙስ እንዳለቀ ያያል። እኔ የእሱን ትከሻ ብቻ ሳይ ጓደኛዬ ለካ ተነሥቶ ጆሮው ላይ አንሾካሹኳል። አዝማሪው ወደ እኔ ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ አንገቴን ከግራም ከቀኝም መረመረ፤ ከዚያ ለቀቃት፦

ጭናችን ላይ ሆና ስትስቅ የነበረች፣
አንገትህ ላይ ወጥታ ምነው አለቀሰች?

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደንብ ነውና ተነሥቼ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። ልቀመጥ ስል አጠገቤ የነበረ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ሰውዬ፣ ሁለት መቶ ብር እያውለበለበ "ድገማት!" አለ።

ደገማት።