ጉባኤ በጅረት ዳር

ከአንኮበር ተነስተን በወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ለውስጥ ወደ ደብረ ሲና ስናቀና አራት ነበርን። በእጃችን ስድስት ጠርሙስ ውሃ፣ በጭንቅላታችን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ያየናቸው፣ ዱር የጠፋ ሰው እንዴት ነፍሱን እንደሚያተርፍ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ነበሩ። ውሃው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ አለቀ። ዕውቀቱ ግን ንክች አላለም።

መንገድ መሳታችን የገባን አንዱን የኮሶ ዛፍ ለሦስተኛ ጊዜ ስናልፈው ነው። ከሥሩ ጅረት ይወርዳል፤ ኩል የመሰለ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ውሃ። ያልተማረ ሰው ቢሆን ጎንበስ ብሎ ይጠጣ ነበር። እኛ ጉባኤ ተቀመጥን።

«ጥራቱ አያታላችሁ» አለ የባንክ ሠራተኛው። እውነቱን ነው፤ ጃርዲያ የሚሉት የሆድ ተውሳክ በዓይን አይታይም። በዓይን የሚታየው አልቅት ነው፤ እሱም እንደ ክር ቀጥኖ ከውሃው ጋር ይገባና ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ፣ ደም ጠጥቶ ከወፈረ በኋላ ነው የሚታወቀው። ይህን የተናገረው ሰው ራሱ እጁን ጉሮሮው ላይ እንዳደረገ ዋለ። (ቤታችን ቧንቧው በተራ ሲመጣ በሌሊት ተነስተን ጀሪካን የምንሞላ፣ የመጣውንም ምንም ሳንጠይቅ የምንጠጣ ሰዎች መሆናችንን ማንም አላነሳም።)

መምህሩ «ይፈላ» አለ። ለስንት ደቂቃ? አንደኛው አንድ ደቂቃ ይበቃል ሲል፣ መምህሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ነው ብሎ ተነሳ። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ንፍሮ አልበስል እያለ የሚያስመርረንም ይኸው ነው። ሃያ ደቂቃ ተከራክረን በሦስት ደቂቃ ተስማማን። ከዚያ ክብሪት የያዘ ጠፋ።

«በፀሐይስ?» ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማስተኛት፤ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን። ቀና አልን። ጉም። ሁለት ቀን ብንጠብቅ ሬሳችን ከንጹሕ ውሃ ጋር መገኘቱ ነው።

በመጨረሻ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ላዩን በፕላስቲክ ሸፍነን፣ እንፋሎቱን ጠብ ጠብ እያደረግን ልናጠራቅም ወሰንን። በቤት ቁልፍ ስንቆፍር አንዲት እናት ጀሪካን አዝለው ደረሱ።

«ምነው ልጆቼ፣ ምን ልትቀብሩ ነው?»

መምህሩ አስረዳቸው። እማማ በጥሞና ሰሙት። «እንፋሎቱ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይንጠባጠባል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አረቄ ነዋ! ታዲያ ጌሾው የት አለ?»

«ጌሾ የለውም። የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው።»

እማማ ጅረቱን አዩ፤ ጉድጓዱን አዩ፤ እኛን አዩ። «ውሃ አጠገብ ተቀምጣችሁ፣ ይህን ሁሉ ደክማችሁ... ውሃ?»

ቤታቸው ከኮሶው ጀርባ አሥር ደቂቃ አይሞላም። የፈላ ውሃ በጣሳ አቀረቡልን፤ የባንክ ሠራተኛው ግን እጁን ከጉሮሮው አላነሣም። ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እማማ ከጓዳ ጠርሙስ ይዘው ብቅ አሉ። «በል ይህን ጠጣበት፤ አልቅት ከሆነ ይለቃል።»

መምህሩ አልኮል ጥም እንደሚያብስ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ሰሚ አላገኘም። ሰውየው መለኪያዋን ጨለጣት፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉሮሮውን ዳሰሰ፤ ትንሽ አሰበ።

«እማማ፣ ገና አለቀቀም መሰለኝ» ብሎ መለኪያዋን ዘረጋ።