ማስተካከያ፦ ስለ ጥንታዊ የቻይና የነሐስ ዕቃዎች

ባለፈው ስለ ሻንግ ዘመን (ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ቻይናን ስለገዛው ሥርወ መንግሥት ዘመን) የነሐስ የመሥዋዕት ዕቃዎች ስጽፍ ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ነሐሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ጌጡ ይቀረጽበታል» ብዬ ነበር። ትክክል አይደለም። የሻንግ ባለሙያዎች መጀመሪያ የዕቃውን አምሳያ ከጭቃ ይሠራሉ። በላዩ ሌላ ጭቃ ይለጥፉና ቆራርጠው ያነሱታል። ጌጡ የሚቀረጸው እዚሁ ጭቃ ላይ ነው። ከዚያ አምሳያውን ፍቀው ያሳንሱታል፤ ቁርጥራጮቹን ዙሪያውን መልሰው ይገጥሙና በክፍተቱ የቀለጠ ነሐስ ያፈሳሉ። ጌጡ ከዕቃው ጋር አብሮ ይወለዳል ማለት ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. አንያንግ በተባለች የቻይና ከተማ የተገኘው ሆውሙዉ ዲንግ የተባለው ባለ አራት እግር ዕቃ 832.84 ኪሎ ይመዝናል። ያን ሁሉ ነሐስ በጭቃ ቅርጽ! እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ሁለተኛው ስለ ስም ነው። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ በጌጥነት የሚታየውን ዓይኑ የፈጠጠ የአውሬ ፊት ራሳቸው ሻንጎች «ታኦትዬ» ብለው እንደሰየሙት ጽፌ ነበር። ስሙ ግን ከእነሱ በኋላ የመጣ ነው። ለዚህ ጌጥ በስፋት ያስለመዱት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይተው የተነሡት የሶንግ ዘመን ምሁራን ናቸው። ዛሬ ብዙ የቻይና አርኪዮሎጂስቶች «የአውሬ ፊት ጌጥ» ማለትን ይመርጣሉ። እኔም ከእንግዲህ እንደዚያው እጽፋለሁ።